ጉበት ውስጥ የትኛው ሕዋስ የት ምን ይሠራል? ስለ ጉበት ቀጠናዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ስለ ጉበት ጠለቅ ያለ ነገር ማወቅ ለሚሹ አንባቢዎች ነው። ስለ ጉበት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሥራዎቹ ዝርዝር ይቀርባል፤ ሥራዎቹ በጉበት ውስጥ የት እንደሚከናወኑ ግን እምብዛም አይነሳም። የመድኃኒት መመረዝ፣ የልብ ድካም፣ የአልኮል ጉዳትና ቢልሃርዝያ በአንድ አካል ላይ አራት የተለያየ መልክ የሚይዙት ግን በዋናነት በዚህ «የት» ምክንያት ነው። በገጹ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉበት «ቀጠና» አለው ሲባል የቀኝና የግራ ክፍሉ ማለት ነው?

አይደለም። በዓይን የምናያቸው ትልቁ የቀኝ ክፍልና አነስ ያለው የግራ ክፍል በሥራቸው የጎላ ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ ያለው እጅግ በጠበበ ስፍራ ነው። በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝነው ጉበት፣ ስፋታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ከሆነ ሎብዩል ከሚባሉ እጅግ ብዙ ክፍሎች የተገነባ ነው። ሎብዩል ሲሣል ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ ይቀርባል። በየማዕዘኑ ከአንጀት ደም የሚያመጣው የፖርታል ደም መልስ ቅርንጫፍ፣ ኦክስጅን የጠገበ ደም የሚያመጣው የጉበት ደም ቅዳ ቅርንጫፍና የሐሞት ቱቦ በአንድነት ይገኛሉ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ደሙን ሰብስቦ የሚያወጣው ማዕከላዊ ደም መልስ አለ። ይህን አሠራር ፍራንሲስ ኪርናን በ1833 ገለጸው፤ በ1954 ደግሞ አሮን ራፓፖርት የደሙን ጉዞ ተከትሎ ሕዋሳቱን በሦስት ቀጠናዎች ከፈላቸው። ቀጠና 1 ደሙ በሚገባበት በፖርታሉ ዙሪያ፣ ቀጠና 3 ደሙ በሚወጣበት በማዕከላዊው ደም መልስ ዙሪያ፣ ቀጠና 2 በመካከላቸው ያለው ነው። ከመግቢያው እስከ መውጫው ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚያ መንገድ ላይ የተሰለፉት ዋነኞቹ የጉበት ሕዋሳት፣ ማለትም ሄፓቶሳይቶች፣ ሃያ አካባቢ ቢሆኑ ነው።

የበግ ጉበት ሲቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ ልዩነቱ በምን ይታወቃል?

በተለመደው የላቦራቶሪ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ቢታይም ጉበት አንድ ወጥ ይመስላል። አንድን ኢንዛይም ብቻ ነጥሎ የሚያቀልም ዘዴ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግሉታሚን ሲንቴቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ስላይዱ ላይ ሰፊው መስክ ነጣ ብሎ ይቀርና በእያንዳንዱ ማዕከላዊ ደም መልስ ዙሪያ ብቻ ከአንድ እስከ ሦስት ሕዋስ ውፍረት ያለው ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለበት ይወጣል። ጠርዙ እየደበዘዘ የሚጠፋ አይደለም፤ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ሕዋስ ቡናማ ሆኖ ሳለ የሚቀጥለው ጎረቤቱ ኢንዛይሙ የለውም። ይህን ጌብሃርትና ሜከ በ1983 በአይጥ ጉበት ላይ አሳዩ። ተማሪዎች ስለ ቀጠናዎች ከሚሰሙት ሁሉ ይህን አንድ ስላይድ ቢያዩ የበለጠ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ በቅርጽ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ሕዋሳት የተለያየ ሥራ እንዳላቸው በዓይን ያስመለክታልና።

ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት የደሙ ጉዞ ነው። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ በጉበት በኩል ያልፋል፤ ከዚህም ሦስት አራተኛው ገደማ ከአንጀት፣ ከጣፊያና ከቆሽት በፖርታሉ የሚመጣ ሲሆን ቀሪው በደም ቅዳው የሚገባ ነው። ሁለቱ ደሞች ሳይኑሶይድ በሚባሉት ቀጫጭን የደም መተላለፊያዎች ተቀላቅለው ከዳር ወደ መሐል ይፈስሳሉ። በአንድ የመስኖ ቦይ ላይ ማሳቸው በራስጌ ያሉ ገበሬዎች ውሃውን ቀድመው ሲያገኙ በግርጌ ያሉት የተረፈው እንደሚደርሳቸው ሁሉ፣ በቀጠና 1 ያሉ ሕዋሳት ኦክስጅኑን፣ ምግቡንና ከቆሽት የሚመጡትን ኢንሱሊንና ግሉካጎን ቀድመው ያገኛሉ። የኦክስጅኑ ግፊት መግቢያው ላይ ከ60 እስከ 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን መውጫው ላይ ሲደርስ ወደ 30 እና 35 ይወርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከደሙ ጋር የሚመጣ ሳይሆን ከመሐል የሚነሳ መልእክት ነው። የማዕከላዊውን ደም መልስ ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑት ሕዋሳት ዊንት የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ እነዚህም በአቅራቢያቸው ባሉት ሄፓቶሳይቶች ውስጥ ቤታ ካቴኒን የተባለውን ፕሮቲን አንቅተው የቀጠና 3 ጂኖችን ያስነሳሉ፣ የቀጠና 1 ጂኖችን ደግሞ ያፍናሉ። ስለዚህ ሄፓቶሳይት የሚሠራውን የሚሠራው ከሁለት አቅጣጫ በሚደርሰው ምልክት እየተመራ ነው።

እያንዳንዱ ቀጠና የሚሠራው ምንድን ነው?

ኦክስጅን በብዛት የሚፈጁ ሥራዎች ወደ ቀጠና 1 ያደላሉ። ከላክቴት፣ ከአሚኖ አሲድና ከግሊሰሮል አዲስ ግሉኮስ መሥራት፣ የስብ አሲድን አቃጥሎ ኃይል ማውጣት፣ አሞኒያን ወደ ዩሪያ መለወጥና ኮሌስትሮል ማምረት የዚህ ቀጠና ዋነኛ ተግባራት ናቸው። ቀጠና 3 ደግሞ ግሉኮስን ይሰባብራል፣ ስብ ይሠራል፣ የሐሞት አሲድን ከኮሌስትሮል ያመርታል፣ ሳይቶክሮም ፒ450 በሚባሉት ኢንዛይሞቹ አማካይነት መድኃኒትና መርዝ ይለውጣል። ቀጠና 2 ከሁለቱም ይጋራል።

ሐሞት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ ይፈስሳል። ከአንጀት ተመልሶ የመጣውን የሐሞት አሲድ ከደሙ የሚለቅሙት በአብዛኛው የቀጠና 1 ሕዋሳት ሲሆኑ፣ አዲሱ የሚሠራው ደግሞ በመሐል ነው።

አንድ ሕዋስ ሁሉንም ቢሠራ ምን ችግር አለው?

ግሉኮስ መሥራትና ግሉኮስ መሰባበር ተቃራኒ ሥራዎች ናቸው፤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢካሄዱ የሚገኝ ትርፍ ሳይኖር ኃይል ብቻ ይባክናል። ሥራዎቹን በቦታ መለየት ይህን ብክነት ይቀንሳል። ይህ ሐሳብ በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው ኩርት ዩንገርማን የተባለው ጀርመናዊ ባዮኬሚስት ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር የደከመበትም ጉዳይ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአሞኒያ ጉዳይ ነው። ፕሮቲን በሚፈጭበት ጊዜና የአንጀት ባክቴሪያዎች በሚሠሩት ሥራ የሚፈጠረው አሞኒያ ለአንጎል መርዝ ነው። የቀጠና 1 ሕዋሳት በዩሪያ መንገድ ብዙ አሞኒያ የማስተናገድ አቅም ቢኖራቸውም፣ አሞኒያው እየሳሳ ሲሄድ ይዞ ማስቀረት ይሳናቸዋል። ስለዚህ የተወሰነው ያመልጣቸዋል። ያመለጠው ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት የሚያልፈው ቀደም ሲል በተገለጸው ቡናማ ቀለበት በኩል ነው። በዚያ ያሉት ሕዋሳት አቅማቸው ውሱን ቢሆንም ጥቂቷን አሞኒያ እንኳ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከግሉታሜት ጋር አጣምረውም ግሉታሚን ያደርጓታል። ሁለቱ መንገዶች በቅደም ተከተል መቀመጣቸው ነው ደሙን ከሞላ ጎደል ከአሞኒያ የሚያጸዳው። ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ አነስተኛ አቅም ያላቸው ሕዋሳት በጎርፉ ፊት ይቆሙ ነበር።

በጾም ጊዜ ቀጠናዎቹ ምን ይሆናሉ?

ከምግብ በኋላ ጉበት ግሉኮስን በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል። ሌሊቱን ያለ ምግብ ያደረ ሰው፣ እንዲሁም እስከ ቀትር በኋላ ወይም እስከ ማፍጠሪያ የሚጾም ሰው፣ በመጀመሪያ ከዚህ ክምችት ይጠቀማል። ክምችቱ እየመነመነ ሲሄድ ግሉኮስ የመሥራቱ ኃላፊነት በይበልጥ በቀጠና 1 ላይ ይወድቃል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ኃይል ከስብ ቃጠሎ የሚያገኘውም እዚያው ነው። ሁኔታው ሲረዝም ግሉኮስ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ድንበራቸውን አልፈው ወደ መሐል ይሰፋሉ። ስለዚህ የቀጠና ድንበር እንደ ምግቡና እንደ ሆርሞኑ የሚንቀሳቀስ ነው፤ የግሉታሚን ሲንቴቴዝ ቀለበት ብቻ በቦታው ጸንቶ ይቆያል።

አንድ ሕዋስ ከተወለደበት ቀጠና ጋር ታስሮ ይኖራል?

የማያሻማ መልስ የሰጠው በአይጥ ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። ቤታ ካቴኒንን የሚገታው ኤፒሲ የተባለው ጂን በጉበት ውስጥ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ በማዕከላዊው ደም መልስ ዙሪያ ብቻ ይታይ የነበረው ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ሎብዩሉን በሙሉ ወረሰው፤ የቀጠና 1 ሕዋሳትም የመሐሉን ጠባይ ያዙ። ይህ በ2006 ታተመ። ይህም የሕዋሱ ማንነት የሚወሰነው በሚደርሰው ምልክት መሆኑን ያስረዳል። በ2017 ደግሞ በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች የአይጥ ጉበት ሕዋሳትን አንድ በአንድ በመመርመር፣ ሄፓቶሳይት ከሚጠቀምባቸው ጂኖች ግማሽ ያህሉ መጠናቸው ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አረጋገጡ። ከዚያ በፊት ልዩነቱ የጥቂት ኢንዛይሞች ጉዳይ ይመስል ነበር።

ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ሲወሰድ የጉበቱ መሐል ለምን ቀድሞ ይሞታል?

ፓራሲታሞል ራሱ መርዝ አይደለም። በተገቢው መጠን ሲወሰድ አብዛኛው ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ በሽንት ይወጣል። ጥቂቱ ግን በሳይቶክሮም ፒ450 ኢንዛይሞች፣ በተለይ ሲዋይፒ2ኢ1 በተባለው፣ ወደ አደገኛ ውሁድ ይለወጣል፤ ይህንንም ግሉታታዮን የተባለው የሕዋሱ መከላከያ ወዲያው ያመክነዋል። ብዙ ክኒን በአንድ ጊዜ ሲወሰድ ዋናው መንገድ ይጨናነቃል፣ አደገኛው ውሁድ ይበዛል፣ ግሉታታዮኑም ያልቃል። ቀጠና 3 እዚህ ላይ ሁለት ድክመት ተደራርቦበታል፤ ኢንዛይሙ ከሁሉ የበዛው በዚያ ነው፣ ግሉታታዮኑ ደግሞ ከቀጠና 1 ያነሰው በዚያው ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በእያንዳንዱ ማዕከላዊ ደም መልስ ዙሪያ ያሉት ሕዋሳት ሞተው፣ በፖርታሉ ዙሪያ ያሉት ግን በሕይወት ይገኛሉ።

ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚፈቀደው ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ስምንት ክኒን ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ሳይታሰብ ከጣሪያው ያሳልፋል። አዘውትሮ አልኮል በሚጠጣ ሰው ሲዋይፒ2ኢ1 ስለሚጨምርና ግሉታታዮን ስለሚቀንስ አደጋው ይከብዳል። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ግሉታታዮንን የሚተካው ኤን አሴቲል ሲስቴይን የተባለው መድኃኒት በተሻለ ሁኔታ የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ሕመሙ እስኪጀምር የጠበቀ ሰው ይህን ዕድል ያልፈዋል።

ልብ ሲደክም ጉበት ለምን ይጎዳል?

ቀጠና 3 ድሮም የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ደም በከባድ መድማት ወይም በድንገተኛ የልብ ድካም ሲያንስ ቀድሞ የሚታፈነው እርሱ ነው። በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ የደም ዝውውሩ ሲስተካከል ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳሉ። ለረጅም ጊዜ የቆየ የቀኝ ልብ ድካም ሲሆን ደም ወደ ኋላ ተመልሶ በማዕከላዊ ደም መልሶች ውስጥ ይጠራቀማል። እንዲህ ያለ ጉበት ሲቆረጥ ፊቱ ላይ ጥቁር ቀይ ነጠብጣቦች በቢጫማ መደብ ላይ ተበትነው ይታያሉ፤ ነጠብጣቦቹ ደም ያጨናነቃቸው የሎብዩሎቹ መሐሎች፣ ቢጫማው መደብ የተረፉት ዳርቻዎች ናቸው። ቀጠናዎችን ያለ ማይክሮስኮፕ ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

አልኮልና ውፍረት በጉበት ላይ የሚያመጡት ስብ የት ይጀምራል?

በአዋቂዎች በአብዛኛው በቀጠና 3 ይጀምራል። ስብ የሚሠራው ወደዚያ ስለሚያደላ፣ ስብ የሚቃጠለው ደግሞ በቀጠና 1 ስለሆነ ይህ ከተነገረው ጋር ይስማማል። አልኮልም በከፊል የሚለወጠው በሲዋይፒ2ኢ1 ነው። በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ግን ስቡ በፖርታሉ ዙሪያ ሲሰበሰብ ይታያል፤ ስለዚህ ፓቶሎጂስቶች የልጅን ጉበት በአዋቂ መመዘኛ ብቻ አይመዝኑም።

በትግራይ ታይቶ የነበረው የጉበት በሽታ ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ገጠር ሆድን በውሃ የሚነፋና ብዙዎችን ለሞት የዳረገ የጉበት በሽታ ታየ። የተደረጉት ምርመራዎች አጀራተም የተባለ አረም ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ መበላቱንና አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ መርዞችን የያዘ መሆኑን በዋና ተጠርጣሪነት አቅርበዋል። እነዚህ መርዞች እንደ ፓራሲታሞል ሁሉ ጎጂ የሚሆኑት በጉበቱ ኢንዛይሞች ከተለወጡ በኋላ ስለሆነ፣ ጉዳታቸው በማዕከላዊው ደም መልስ አካባቢ ያነጣጥራል። በዚያ ያሉ ሳይኑሶይዶችና ትናንሽ ደም መልሶች ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ የደሙ መውጫም ይዘጋል፤ ውሃው በሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው በዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ከሐኪም ቤት ይልቅ ከማሳውና ከአውድማው ይጀምራል፤ አረሙን መንቀልና እህሉን አበጥሮ ማጽዳት በሽታውን ከሥሩ ይከላከላል።

ቢልሃርዝያስ?

የአንጀት ቢልሃርዝያ ተቃራኒውን ዳር ይይዛል። ጣና ሐይቅን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ውሃዎች አካባቢ የሚገኘው ይህ ጥገኛ ትል የሚጥላቸው እንቁላሎች በፖርታሉ ደም ተገፍተው ወደ ጉበት ይመጡና ወደ ሳይኑሶይድ ማለፍ ስለማይችሉ መግቢያው ላይ ይቀረቀራሉ። ሰውነት በዙሪያቸው ጠባሳ ይሠራል። ሄፓቶሳይቶቹ ግን በአብዛኛው አይነኩም። ስለዚህ በሽተኛው ጣፊያው አብጦ፣ በጉሮሮው የታችኛው ክፍል ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረው ደም እያስታወከ እንኳ የጉበቱ ሥራ በደም ምርመራ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «የጉበት ምርመራው ደህና ነው» መባሉ እንዲህ ያለውን ሰው ሊያዘናጋው አይገባም።

መሐከለኛውን ቀጠና ብቻ የሚያጠቃ በሽታ አለ?

ቢጫ ወባ። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተከሰተው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰዎችን እንዳጠቃና 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የከፋውም ነው። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ጉበት ሲመረመር በአብዛኛው ጉዳቱ የጠናው በቀጠና 2 ሲሆን፣ በፖርታሉና በማዕከላዊው ደም መልስ ዳር ያሉ ሕዋሳት ተርፈው ይገኛሉ። የዳነ ሰው ጉበት ያለ ጠባሳ ይጠገናል። በጤናማ ጉበት አዳዲስ ሄፓቶሳይቶች በብዛት የሚወለዱት ከቀጠና 2 መሆኑን በ2021 የወጡ በአይጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከዳሮቹ መርዞች ርቆ መቀመጡ ለዚህ የተመቸ ያደርገዋል።

የደም ምርመራ የትኛው ቀጠና እንደተጎዳ ይናገራል?

በቀጥታ አይናገርም። በደም ውስጥ ከሚለኩት የጉበት ኢንዛይሞች ኤኤልቲና ኤኤስቲ ሕዋስ መጎዳቱን፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሐሞት መንገድ መታወኩን ይጠቁማሉ። የ«የት» ጥያቄ በእርግጠኝነት የሚመለሰው በመርፌ በሚወሰድ የጉበት ናሙና ነው፤ ያም ናሙና ቢያንስ 11 የፖርታል አካባቢዎችን ቢይዝ ይመረጣል። አጭርና የተሰባበረ ናሙና ዳሩን ከመሐሉ ለመለየት አያስችልምና ለተሳሳተ ውጤት ይዳርጋል።

ጉበት በጠባሳ ሲሸፈን ቀጠናዎቹ ምን ይሆናሉ?

ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ደረጃ ሎብዩሉን ያፈርሰዋል። ጠባሳው ሕዋሳቱን በእብጠቶች ይከፋፍላቸዋል፤ መግቢያና መውጫ የሚባል ሥርዓት ይጠፋል፤ ከፊሉ ደም ሕዋሳቱን ሳይነካ በአቋራጭ ያልፋል። በማዕከላዊው ደም መልስ ዙሪያ የነበረው ቡናማ ቀለበትም አብሮ ይሳሳል። በሽተኛው ቀን እያንቀላፋ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ፣ ንግግሩ ሲምታታና እጁ ሲንቀጠቀጥ የሚታየው በዋናነት የመጀመሪያው የዩሪያ መንገድም የኋለኛው የግሉታሚን መንገድም ስለደከሙና አሞኒያው ወደ አንጎል ስለሚያልፍ ነው። ቤተሰብ ይህን እንደ ድካም ወይም እንደ ጠባይ ለውጥ ሳይመለከት በፍጥነት ወደ ሐኪም ሊወስደው ይገባል። ለዚህ ሁኔታ የሚታዘዘው ላክቱሎስ የተባለው ሽሮፕ ጉበቱን አይጠግንም፤ አሞኒያው በአንጀት ውስጥ ተይዞ ከዓይነ ምድር ጋር እንዲወጣ በማድረግ ወደ ፖርታሉ የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲኖር ተደርጎ መጠኑ የሚስተካከለውም ስለዚህ ነው።